ላይ የዘነበው ታች ሲደርስ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት በክረምት ስለሚመጣ ደራሽ ጎርፍ፣ ስለ ማስጠንቀቂያውና ስለ ጥንቃቄው ነው።

ከእንጅባራ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ዛፍ በከበበው ጎድጓዳ ውስጥ ዘንገና ሐይቅ አለ። የጥንት እሳተ ገሞራ ከፍቶት የሄደ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል። ወንዝ አይገባበትም፣ ወንዝም አይወጣበትም። የሐምሌ ዶፍ በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነበለው ከሐይቁ ይቀላቀልና እዚያው ይቀራል። ጥቂት እርምጃ ወደ ውጭ ርቆ የወደቀው ጠብታ ግን ማረፊያ የለውም፤ መንገድ ይጀምራል።

መንገዱም ረጅም ነው። እንጅባራ ያለችበት የአዊ ዞን ደጋ ውሃ ወደ ብዙ አቅጣጫ ይበተናል። በዳንግላ በኩል ክልቲ ወንዝ የሰበሰበው ግልገል አባይን ተከትሎ ጣና ይገባል። በጥሊሊ በኩል ፈጣም ወደ ደቡብ፣ ወደ አባይ ሸለቆ ይወርዳል። በምዕራብ ዱራ የቻግኒንና የመተከልን ቆላ አቋርጦ እሱም አባይን ያገኛል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ከተማዋና አካባቢዋ ጎርፍን ከሚቀበሉት ይልቅ የሚልኩት ይበዛል። ስለ ጎርፍ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚመከረው ሜዳ ላይ ያለው ሰው ነው። የዚህ ዝግጅት አብዛኛው ክፍል ግን ለላይኛው ሰው፣ ለዘንገናና ለባንጃ፣ ለፋግታና ለዳንግላ ነዋሪ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዝናቡ። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥብ አየር ከአትላንቲክና ከኮንጎ ተፋሰስ፣ ከሕንድ ውቅያኖስም ጭምር ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ይገፋል። ተራራው ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ሲነሳ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘንባል። ረፋዱ ብራ ሆኖ ፀሐይዋ መሬቱን ካሞቀችው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይቆለላል፤ ከዘጠኝና ከአሥር ሰዓት በኋላ ነጎድጓድና በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ይወርዳል። ይህን የማያውቅ የአዊ ገበሬ የለም። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ቀጥሎ ያለውን ሂሳብ ነው፦ አሥር ሰዓት ላይ ደጋ የወረደ ዝናብ ወደ ቆላው መሻገሪያ የሚደርሰው ሲመሽ ወይም ሰው ከተኛ በኋላ ነው። ደራሽ ውሃ ሌሊት የሚገድለው ለዚህ ነው።

መጠኑንም ማየት ይረዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በአንድ ከሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ላይ 50 ሺህ ሜትር ኩብ፣ ማለትም 50 ሺህ ቶን ውሃ ወረደ ማለት ነው። መሬቱ ግማሹን ቢጠጣ እንኳ 25 ሺህ ቶን ፈፋውን ይዞ ይወርዳል። አየሩ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ደግሞ ወደ ሰባት በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ እርጥበት መሸከም ይችላል፤ ዓለም እየሞቀች ስትሄድ ዶፉ የሚከብደው ከዚህ የተነሳ ነው።

መሬቱ ምን ያህል ይጠጣል የሚለው በሰው እጅ ያለ ጉዳይ ነው። ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ፣ ማሳው ደጋግሞ ታርሶና ልሞ፣ ብዙ ቦታም በከብት ተረግጦ ነው። ዝናቡ የሚበረታው መሬቱ እርቃኑን ባለበትና ገጹ በተጠቀጠቀበት ወቅት ስለሆነ ውሃው ከመስረግ ይልቅ መንሸራተት ይቀለዋል። በሌላ በኩል ፋግታ ለኮማ ወረዳ በዲከረንስ ዛፉ ይታወቃል። ገበሬው ችግኙን ከሰብል ጋር ይተክላል፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ መሬቱን መልሶ ያርሳል። ዛፉ ቆሞ ሳለ ጎርፉን ያበርዳል፤ ቅጠሉ የጠብታውን ምት ይመክታል፣ ሥሩ አፈሩን ይይዛል። ተቆርጦ ባለቀበት ዓመት ግን ያው ቁልቁለት ባዶውን ከክረምቱ ጋር ይገናኛል። ጎረቤታሞች ሁሉ በአንድ ዓመት ከመቁረጥ በየተራ ቢቆርጡ፣ ከፈፋው ዳር ያለውን መስመር ደግሞ ጨርሶ ባይነኩት፣ ከሰሉም ይገኛል፣ ታች ያለውም ሰው እፎይ ይላል።

ስለ ደራሽ ውሃ የሚያስተምር ሁሉ ድሬዳዋን ሳይጠራ አያልፍም፤ ማለፍም የለበትም። ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998፣ ቅዳሜ ለእሁድ ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን በእንቅልፍ ላይ ደረሰባት። ደቻቱ ከዚራንና መጋላን የሚለይ፣ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ደረቅ አሸዋ የሆነ፣ ሰው በእግሩ የሚሻገረው ወንዝ ነው። ያን ሌሊት ከከተማዋ በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ የወረደው ከባድ ዝናብ በዚያ አሸዋ ላይ ግድግዳ ሆኖ መጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ሌሎች ብዙዎች የገቡበት ጠፋ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። የዚያ ሌሊት ዋና ነገር የዝናቡ ብዛት ብቻ አይደለም። የተኛው ሰው የተኛው ከደረቅ ወንዝ አጠገብ ነበር፤ አደጋው ደግሞ ከራሱ ሰማይ ሳይሆን ከሩቅ ተራራ መጣበት። ደጋው ላይ ዶፉን በዓይኑ ያየ ሰው ነበር፤ ያ ያየው ነገር ግን ከውሃው ቀድሞ ከተማ አልገባም።

በዚያው ክረምት የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ የዳሰነች አርብቶ አደሮችን ወሰደ፤ የሟቾቹ ቁጥር ከ360 በላይ ተባለ። በአማራ ክልልም የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደንቢያ ሜዳ በውሃ ተዋጠ። የፎገራ ነገር ለአዊ ሰው በተለይ ቅርብ ነው። ርብና ጉማራ የሚነሱት ከጉና ተራራ ነው፤ ጉና ላይ የዘነበው ፎገራ ላይ ሩዙን ያሰጥማል። ግልገል አባይም ጣና የሚገባው እንደዚያው ከላይ የተሰበሰበውን ተሸክሞ ነው።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው እንምጣ። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያውን የሚያወጣው በየዕለቱ፣ በየአሥር ቀኑ፣ በየወሩና በየወቅቱ ነው። በሬዲዮ የሚሰማው አነጋገር የታወቀ ነው፦ በመጪዎቹ አሥር ቀናት በምዕራብ አጋማሽ የሀገሪቱ ክፍሎች፣ ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም፣ አዊ ዞን እየተባለ ይዘረዘርና በጥቂት ቦታዎች ላይ ከባድ መጠን ያለው ዝናብ ይጠበቃል ይባላል። ብዙ አድማጭ ይህን ሰምቶ ሬዲዮኑን ወደ ሙዚቃ ያዞራል፤ በሐምሌ ዝናብ ይዘንባል መባል ምን ዜና አለው? ዜናው ያለው ከባድ በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ከባድ የሚባለው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የሚጥል ነው። መሬቱ ለሳምንታት ሲጠጣ ከርሞ በጠገበበት በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ፣ ይህ መጠን በአንዲት ሰዓት ከወረደ ደረት የማይደርሰውን ፈፋ ሰው የሚያሰጥም ያደርገዋል።

ትንበያው ግን የቱ ፈፋ፣ በስንት ሰዓት የሚለውን አይመልስም፤ ሊመልስም አይችልም። አንድ የነጎድጓድ ደመና ጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ላይ ዶፉን አራግፎ ማዶ ያለውን ቀበሌ በፀሐይ ሊተወው ይችላል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ሁለት ግማሽ አለው። አንደኛው ከኢንስቲትዩቱ ይመጣል፤ ይህ ሳምንት ተጠንቀቁ ይላል። ሁለተኛው ከላይኛው ቀበሌ መምጣት አለበት፤ አሁን እየወረደ ነው፣ ልጆቹን ከወንዙ አውጡ ይላል። በሀገራችን የሚጎድለው በአብዛኛው ሁለተኛው ነው።

ሁለተኛው ግማሽ ከገበሬ አቅም በላይ እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ዳንግላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በዳንግላ ወረዳ በዳንግሽታ ቀበሌ፣ ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ከነዋሪዎቹ ጋር ሆነው ቀላል መሣሪያ ተከሉ፦ የዝናብ መለኪያ፣ በክልቲና በብራንቲ ወንዞች ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት መለኪያ ሰሌዳ፣ በእጅ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ደግሞ የውሃውን ጥልቀት የሚለኩበት ገመድ። ለኪዎቹ የቀበሌው ገበሬዎች ነበሩ። ዝናቡን በየዕለቱ፣ ወንዙን ጠዋትና ማታ እያዩ በመዝገብ ጻፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ውጤቱ በአንድ የውሃ ሳይንስ መጽሔት ሲወጣ፣ የገበሬዎቹ ልኬት ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ ጋር ተነጻጽሮ ጥራቱ የሚያስተማምን ሆኖ ተገኘ። ሳይንቲስት ያልሆነ ሰው መለካት አይችልም የሚለው ሐሳብ ዳንግሽታ ላይ ወደቀ።

አንድ ነገር ግን መነሳት አለበት። ወንዝን በቀን ሁለት ጊዜ ማየት ስለ ክረምቱና ስለ ጉድጓዱ ብዙ ይናገራል፤ ደራሽ ውሃን ግን ሊያመልጠው ይችላል። ማታ የተነበበው ሰሌዳ ዝቅ ያለ፣ ጠዋት የተነበበውም ዝቅ ያለ ሆኖ፣ በመካከሉ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ወንዙ ሞልቶ አልፎ ሊሆን ይችላል። ሳር በዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሲገኝ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ለጎርፍ ሲባል የሚያስፈልገው የሰዓት ንባብ ሳይሆን የክስተት ንባብ ነው። የዝናብ መለኪያው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተስማሙበት ምልክት ካለፈ፣ ወይም ወንዙ ሰሌዳው ላይ የተቀባውን ቀይ መስመር ከነካ፣ ለኪው መዝገቡን ትቶ ስልኩን ያነሳል።

ለማን ይደውላል? ይህ በበጋ መወሰን ያለበት ጥያቄ ነው። በወንዙ ታች ካሉት ቀበሌዎች ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ስማቸውና ቁጥራቸው ቀድሞ ይያዝ፤ አንዱ ስልኩ ቢዘጋ ሌላው ይሰማ። ኔትወርክ በዶፍ ጊዜ መጥፋቱ የተለመደ ስለሆነ ደግሞ ድምፅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ትንሽ የሚመስል ግን የማይናቅ ጣጣ አለ። በገጠሩ ጥሩንባ ሲነፋ ሰው የሚረዳው ለቅሶ መኖሩን ነው፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል እንጂ ከብቱን ከወንዝ ዳር አያነሳም። ስለዚህ የጎርፉ ጥሪ ከእድሩ ጥሪ የተለየ አነፋፍ ይኑረው፣ አነፋፉም በሰኔ መግቢያ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ተነፍቶ ይታወቅ። አዊ ለዚህ የሚሆን አደረጃጀት ከማንም በላይ አለው፤ በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን የሚያከብረው የፈረሰኞች ማኅበር ከ80 ዓመት በላይ የቆየና እስከ ቀበሌ የወረደ ነው። መኪና በማይገባበት ጭቃ ፈረሰኛ ይገባል።

ቋንቋውም አይዘንጋ። በአዊ ብዙ እናቶችና አዛውንቶች በቤታቸው የሚናገሩት አዊኛ ነው። የአማራ ሬዲዮ በአዊኛ ማሰራጨቱ ለዚህ ጠቃሚ ነው፤ የቀበሌው ጥሪም በሁለቱም ቋንቋ መሆን አለበት።

የሌላው ዓለም ልምድም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1970 ባንግላዴሽ ዛሬ ባለችበት የባሕር ዳርቻ በደረሰ አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300 ሺህ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን አደራጀች፤ የድምፅ ማጉያ ይዘው ቤት ለቤት የሚዞሩ፣ ባንዲራ የሚሰቅሉ የሰፈር ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 አምፋን የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲመጣ በባንግላዴሽ የሞቱት በአሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። ሳተላይቱ ረድቷል፤ ወሬውን እስከ ደጃፍ ያደረሰው ግን የጎረቤት እግር ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ስለ መሻገሪያው ነው፤ ብዙ ሞት የሚደርሰውም እዚያ ነው። ነሐሴ የፍልሰታ ወር ነው። ሕፃናትና አረጋውያን ሳይቀሩ ለቅዳሴ ከቤት ወጥተው ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ በሚከብድበት ሰዓት ይመለሳሉ፤ ሲሄዱ በድንጋይ የዘለሉት ፈፋ ሲመለሱ ሌላ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። በሰኔና በመስከረም ደግሞ ተማሪዎች አሉ። በፍጥነት የሚወርድ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ፣ ከቁርጭምጭሚት ጥቂት ከፍ የሚል ማለት ነው፣ ጎልማሳን ሚዛን አስቶ ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ ባጃጅ ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል። 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን ትናንት በዚህ ጥልቀት ተሻግሬዋለሁ የሚለው ማስረጃ ዛሬ አይሠራም። ውሃው ደፍርሶ ታቹ ካልታየ መንገዱ ራሱ ተቦርቡሮ ሄዶ ሊሆን ይችላል። በትር ይዞ እየለካ የሚገባ፣ የበሬውን ጅራት ይዞ የሚሻገር፣ ተያይዘን እንለፍ የሚል ጀግና በየሰፈሩ አለ፤ ደጋ ላይ ያለ ትንሽ ወንዝ ግን ዝናቡ ካባራ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጎድላል። ማዶ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚያስከፍለው እራትን ማዘግየት ብቻ ነው።

ወንዙ ራሱም ይናገራል። ጥርት ብሎ ሲፈስ የነበረው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ፣ አረፋም ይዞ መውረድ ከጀመረ፣ ከላይ እንደ መኪና የሚያጉረመርም ድምፅ ከተሰማ፣ ያለው ጊዜ ደቂቃዎች ነው። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን ተቃራኒው ምልክት ነው፦ ዝናብ እየዘነበ ወንዙ በድንገት ከጎደለ ደስ ሊል አይገባም። ከላይ የተናደ አፈር ወይም የተጋደመ ግንድ ውሃውን አግዶት ሊሆን ይችላል፤ ግድቡ ሲበጠስ የሚመጣው ከመደበኛው ሙላት የከፋ ነው። በዚህ ጊዜ የሚሮጠው ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች ሳይሆን በጎን ወደ ኮረብታው ነው።

የአፈር መንሸራተት የጎርፍ ታናሽ ወንድም ይመስላል፤ አንዳንዴ ግን ይብሳል። ሰኞ ሐምሌ 15፣ 2016 በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የተናደው ተራራ የሀገሪቱን ሕዝብ ያስለቀሰ ነው። ከዝናቡ በኋላ መጀመሪያ የተናደው አፈር ጥቂት ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤቱ በወግና በፍቅር አካፋውንና እጁን ይዞ ለማውጣት ተሰበሰበ፤ እነሱ በመቆፈር ላይ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። የሟቾቹ ቁጥር ከ220 በላይ ሆነ፤ ከነሱ ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡት ነበሩ። ከዚህ በኋላ አትሂዱ ማለት ለሀበሻ የሚዋጥ ምክር አይደለም፤ ወንድም አፈር በልቶት ዝም የሚል የለም። የሚቻለው ይህ ነው፦ አንድ ሰው ሥራው መቆፈር ሳይሆን የተናደውን ገደል ማየት ብቻ ይሁን፤ ድንጋይ ሲንከባለል፣ ስንጥቅ ሲሰፋ፣ ዛፍ ሲያዘነብል ይጩህ። ቆፋሪዎቹም በአንዴ መቶ ሳይሆኑ በጥቂት በጥቂቱ ይግቡ፤ የቀሩት ራቅ ብለው ይጠብቁ። ዝናቡ ካላቆመ ደግሞ ተራራው ገና አልጨረሰም። በአዊ ደጋ ሰው ገደል ሥር ቆርጦ ቤት በሚሠራበት ቦታ ሁሉ፣ ከቤቱ ጀርባ አዲስ ስንጥቅ ሲታይ፣ የምንጩ ውሃ ሲደፈርስ፣ በሩ ያለ ምክንያት መግጠም ሲያቅተው ያንን ሌሊት ዘመድ ቤት ማደር ይሻላል።

ከተማውም አያመልጥም። ነሐሴ 11፣ 2013 አዲስ አበባ ላይ የወረደ ዝናብ ሰባት ሰዎችን ገደለ፤ ጎርፉ ያለፈው በአስፋልትና በሰፈር ውስጥ ነበር። እንጅባራና ዳንግላ በፍጥነት እያደጉ ነው። ቆርቆሮና ኮብልስቶን ውሃ አይጠጡም፤ የላስቲክ ጠርሙስና የጫት ገረባ የደፈነው ቱቦም አያሳልፍም። ቱቦ የሚጠረገው በግንቦት ነው፣ በሐምሌ ሲሞላ አይደለም።

ከዶፉ ጋር ስለሚመጣው መብረቅም በአጭሩ። ብልጭታውን አይቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ መቁጠር ነው፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት ቆጠራው ከ30 ካነሰ መብረቁ በአሥር ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ቤት መግባት ይገባል። ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ግን መብረቁን መጥራት ነው። እረኛውን ልጅ ዛፍ ሥር ተጠለል ብሎ የሚልከው አባት ይህን ይስማ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል።

ውሃው ከጎደለ በኋላ ያለው አደጋ ጉድጓዱ ነው። በዳንግላና በባንጃ ብዙ ቤተሰብ የሚጠጣው በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ አፉ ከመሬቱ እኩል የሆነ ጉድጓድ ጎርፉ ከመጸዳጃ ቤትና ከበረት ያጠበውን ሁሉ ይቀበላል። ኮሌራና ተቅማጥ የሚከተሉት ከዚህ ነው። የጉድጓዱን አፍ በድንጋይና በሲሚንቶ ከፍ አድርጎ መክደን የበጋ ሥራ ነው። ጎርፍ ከገባበት ደግሞ ጉድጓዱ እስኪታከም ድረስ ውሃው ውሃ አጋር በሚባለው ማከሚያ ታክሞ ወይም ፈልቶ ይጠጣ። እዚህ ላይ የደጋው ከፍታ ራሱን የቻለ ነገር አለው፦ በቆላ ውሃ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲፈላ፣ በእንጅባራ ከፍታ ግን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ለቆላው አንድ ደቂቃ መንተክተክ የሚበቃው ውሃ ለእንጅባራ ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል። ውሃው ከደፈረሰም አስቀድሞ በንጹሕ ነጠላ ይጠለል፤ ሦስቱ ደቂቃ የሚቆጠረውም ጀበናው ወይም ድስቱ በደንብ መንተክተክ ከጀመረበት ቅጽበት ነው።